«ፀሐይ» ተመለሰች፤ የሠሯት እጆችስ?

(በቴሌቪዥን የቀረበ ሐተታ፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

 

የዛሬውን ሐተታ የምጀምረው የራሴን ስሕተት በማረም ነው። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ለኢትዮጵያ በይፋ ስታስረክብ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ደስታው አሸንፎኝ፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ «አገራችን ከሰማንያ ስምንት ዓመት በፊት አውሮፕላን ታመርት ነበር» ብዬ ተናገርሁ። ፕሮግራሙ በተላለፈ በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት እዚሁ ፌርፋክስ የሚኖሩ፣ የሥራ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሱ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «ታመርት ነበር ነው ያልከው? አንድ ቀን ድፎ የደፋ ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት አለው ይባላል እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «መሥራትስ ሠርታለች። የሠራችውን በልኩ ንገራቸው። ልኩ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ምን ማጋነን አስፈለገው?» አሉና ዘጉት።

እንግዲህ በታዘዝሁት መሠረት በልኩ ልናገር።

«ፀሐይ» አንዲት ናት። እኅት የላትም። በአዲስ አበባ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1935 መገባደጃ ላይ፣ የፋሺስት ጦር አገራችንን እየወረረ ባለበት ሰዓት ወደ ሰማይ ወጣች። መሐንዲሷ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪም ነበር። ከእርሱ ጋር የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። በአቪዬሽን መዛግብት ውስጥ ከቬበር ስም ጎን ኤሪክ ማይንድል የተባለው ኦስትሪያዊ የአውሮፕላን ነዳፊ ስም ተያይዞ ይገኛል። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ የሚባል፣ ቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ፣ ባለ ሰባት ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ነው። ዛሬ ቤልትዌይ ላይ የምትነዷት ካምሪ ጉልበቷ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። መትረየስ የተጠመደባት ተዋጊም አልነበረችም።

ይህን ስሰማ «በቃ? ይኸው ነው?» ብዬ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። የመለሱልኝን ስታነቡ እኔ እንዳፈርሁት ታፍራላችሁ ብዬ አስባለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። እንደዚያ ዓይነት ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ አምስት አንድ እጅ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ ያጣል። ክንፉም ስስ አየር ላይ የሚያገኘው ድጋፍ ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኗ ከመሬት ለመነሣት ረጅም መሮጥ አለባት፤ ትርፍ ኪሎ መሸከም አትችልም። እዚህ ቨርጂኒያ ላይ በቀላሉ የሚበርር ነገር እዚያ ላይነሣ ይችላል። ደግሞም፣ አሉ ጋሼ፣ የዚያ ዘመን ትንንሽ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የእንጨት ወይም የብረት ቱቦ አጽም ሆነው በላዩ ሸራ የተወጠረባቸው ናቸው። ሸራው በእጅ ይሰፋል፤ ዶፕ በሚባል ፈሳሽ ተደጋግሞ ይቀባል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። የስፌቱ ርቀት ከተዛባ ሸራው በንፋስ ይቀደዳል። ያጽሙ ብየዳ ስንጥቅ ካለው ክንፉ ይወልቃል። «መሐንዲሱ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው፤ ሰማይ ላይ የሚቆየው ግን የሰፊው ክርና የበያጁ እጅ ነው።»

ስሟን ደግሞ ልብ በሉ። ሁለት ስም አላት። «ፀሐይ» የተባለችው በልዕልት ፀሐይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ነው። ሌላው መጠሪያዋ «ኢትዮጵያ 1» ነው። እኔን በጣም የያዘኝ ይህ ቁጥር ነው። የመጀመሪያ ልጁን «አንደኛ» ብሎ የሚሰይም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥር አንድ የሚለው ቁጥር ሁለትን ያሰበ ነው። ሁለት ግን አልመጣም። የዛሬው ወሬዬ በአንድና በሁለት መካከል ስለቀረው ነገር ነው።

ወደ ኋላ ትንሽ ልውሰዳችሁ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለች የፈረንሳይ አውሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ አረፈ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጀርመን ዩንከርስ ተከተለች። ንጉሥ ተፈሪ ያኔ ገና አልጋ ወራሽና እንደራሴ ናቸው። ሕዝቡ ሽቅብ አይቶ ጉድ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን መስማት አንወድም። አውሮፕላኖቹ ከመጡ ዓመት ሳይሞላቸው ነው በራሳችን ሰው ላይ የተላኩት። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሳ ወሌና የመንግሥት ጦር አንቺም ላይ ሲገጥሙ፣ አውሮፕላን ከላይ መጣ። ከውጊያው በፊት ራሱን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ከሰማይ ተበተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። ራስ ጉግሳ ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ንግሥት ዘውዲቱ፣ የቀድሞ ሚስታቸው፣ አረፉ። የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲጻፍ ይህ ገጽ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ግን አላልፈውም፤ በአማራ ገበሬ ላይ ከሰማይ የሚወርድ እሳት ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳልሆነ የሚያስታውሰን ይኸው ገጽ ነውና። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በዚያው በ1930 የፈረንጆች ዓመት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ምስክር ወረቀታቸውን ያዙ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ናቸው። ባቢቼፍ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ሙሉመቤት እምሩ የተባለች ወጣትም በረራ ተምራ ነበር፤ ወረራው ባይመጣ ኖሮ ፈቃዷን በያዘች። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ ከአሜሪካ ጆን ሮቢንሰን መጣ። ሚሲሲፒ ያደገ፣ ተስኪጊ የተማረ፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት በር የተዘጋበትና በግድ ያስከፈተ ሰው ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያገናኘው እዚሁ ዋሽንግተን ሁዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማር የነበረው መላኩ በያን ነው። ዛሬ ጆርጂያ ጎዳና ላይ በሁዋርድ በኩል ስታልፉ ይህን አስቡት። ሮቢንሰን አዲስ አበባ ደርሶ የአየር ኃይሉን አዛዥነት ያዘ።

ምን ነበር የያዘው? ከአሥራ ጥቂት የማይበልጡ አሮጌ አውሮፕላኖች። አብዛኞቹ ፖቴዝ ናቸው። መሣሪያ የላቸውም፤ መልእክት፣ መድኃኒትና ሹም ያመላልሱ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን ራሱ አድዋ ነበር። ከፊቱ የቆመው በመቶዎች የሚቆጠር አውሮፕላን ያለው፣ ጥቂት ቆይቶም የመርዝ ጋዝ ከሰማይ የሚረጭ ኃይል ነው።

እንግዲህ «ፀሐይ» የበረረችው በዚህ መካከል ነው። ጦርነቱን ልትለውጥ አልነበረም። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ምን ትለውጣለች? ታዲያ በዚያ ጭንቅ ቀን ለምን ሠሯት? መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው። አውሮፕላን እንደሚገዛ አይተዋል። የመሣሪያ ነጋዴው በር ሲዘጋ ደግሞ ምን እንደሚመስል አይተዋል። ስለዚህ ማወቅ የፈለጉት መብረርን ብቻ አልነበረም፤ መሥራትንም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። «ፀሐይ» ከተመለሰች ወዲህ ሁለት ወገን ይሟገታል። አንደኛው እኔ በመጀመሪያ ቀን እንዳልሁት «አምራች አገር ነበርን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከንፈሩን ይመጥና «ነዳፊው ጀርመን፣ ሞተሩ የቼክ፣ የእኛ የቱ ነው? ቀለሙ?» ይላል። ይህ ሁለተኛው ወገን አዋቂ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይከተለዋል። ለእርሱ የጃፓንን ነገር ልንገረው።

በእ.ኤ.አ. 1923 የጃፓኑ ካዋሳኪ ኩባንያ ሪቻርድ ፎክት የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ቀጠረ። ፎክት ጃፓን ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ ተቀምጦ አውሮፕላን እየነደፈ አስተማረ። ከሥሩ ከተማሩት አንዱ ታኬዎ ዶይ ይባላል። ፎክት በ1933 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ዶይ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ከሦስት ሺህ በላይ ያመረተችውን ኪ-61 የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን የነደፈው ይኸው ተማሪ ነው። የኪ-61 ሞተርስ? ከጀርመን ፈቃድ ተገዝቶ የተሠራ ነው። ታዲያ «የጃፓን አይደለም» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አይልም። ምክንያቱም በመምህሩና በፋብሪካው መካከል ዶይ አለ፤ በስሙ የሚጠራ ተማሪ አለ።

ጃፓንን ያነሣሁት ከመንገድ ላይ አንሥቼ አይደለም። የዚያን ጊዜዎቹ የእኛ ሰዎች ራሳቸው ወደዚያው ነበር የሚያዩት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት፣ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነው። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው አይተው ተመልሰው መጽሐፍ ጽፈዋል። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ምሁራን «ጃፓናውያን» እያልን ነበር የምናጠናቸው። የውጭ አስተማሪ ቅጠር፤ ተማር፤ አስተማሪውን በክብር ሸኝ፤ ራስህ ሥራ። ቬበርና «ፀሐይ» የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

«አንዲት ብቻ ተሠርታ መቅረቷስ?» ለሚለው ደግሞ ፈረንሳይን እጠራለሁ፤ የመጀመሪያዋ አውሮፕላናችን የመጣችባትን አገር። ፈረንሳይ በ1934 ለአዲስ ተዋጊ አውሮፕላን ውድድር አወጣች። ከቀረቡት አንዷ ሎዋር 250 ትባላለች። በመስከረም 1935 በረረች፤ ከ«ፀሐይ» በፊት በጥቂት ወራት ማለት ነው። ውድድሩን ሞራን ሶልኒዬ አሸነፈ። ሎዋር 250 አንዲት ብቻ ተሠርታ ቀረች፤ ዛሬ ስሟን የሚያውቁት የአውሮፕላን ታሪክ አፍቃሪዎች ብቻ ናቸው።

የሌላዋ ነገር ይብሳል፤ ያስቃልም። ብሎክ 150 የተባለችው ተወዳዳሪ በሐምሌ 1936 ለመጀመሪያ በረራ ወደ ሜዳ ወጣች፤ ሞተሯ ተነሣ፤ ሮጠች፤ ሮጠች፤ ከመሬት አልተነሣችም! አስቡት፣ የፈረንሳይን ያህል የአውሮፕላን አገር። ማንም ግን ፋብሪካውን አልዘጋም፤ መሐንዲሶቹም ወደየቤታቸው አልተበተኑም። ክንፏን አሰፉ፣ ሞተሯን ለወጡ፤ በጥቅምት 1937 በረረች። ከእርሷ የተወለዱት ብሎክ 151 እና 152 በመቶዎች ተመርተው በ1940 ከጀርመን ጋር ተዋጉ። ያልተነሣችው አውሮፕላን እንኳ ልጅ ወለደች። የእኛዋ ተነሥታ፣ በዚያ ስስ አየር ላይ በርራ፣ መካን ሆና ቀረች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሎዋርን ያሸነፋት ሌላ የፈረንሳይ አውሮፕላን ነው። የሎዋር ነዳፊዎች ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገቡ። «ፀሐይን» ግን ማንም በውድድር አላሸነፋትም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ፋሺስቶች አዲስ አበባ ገቡ። አውሮፕላኗን አገኟት፤ ወደ ጣሊያንም ወሰዷት።

ሰዎቹስ?

የሰዎቹን ነገር ሳስብ አንድ ቦታ ይመጣብኛል፤ ወለጋ ውስጥ፣ ነቀምት አጠገብ፣ ቦናያ የሚባል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች እዚያ አርፈው ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር ያጠናከሩት፣ በሌሊት ከበቧቸው። አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ የአየር ኃይል ጄኔራሉን ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡትን ከአንድ ቄስ በቀር ገደሉ። ሕዝባችን ይህን በኩራት ይተርካል፤ መኩራትም ይገባል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። እነዚያ ልጆች በዚያ ዓመት መማር ነበረባቸው። ገሚሱ አውሮፕላን መፍታትና መግጠም መማር ነበረበት። የመጀመሪያው የአውሮፕላን ልምምዳቸው ማቃጠል ሆነ።

ከዚያም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ፋሺስቶች የተማረ የተባለውን ወጣት እየለቀሙ ገደሉ። ከጥቁር አንበሳ እጃቸውን የሰጡትም አልቀሩም። አንድ አገር አስተምሮ ያቆመው ትውልድ በቀናት ውስጥ ታጨደ። ታኬዎ ዶይ የእኛ ልጅ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት አይተርፍም ነበር። ያጣነው አንዲት አውሮፕላን ከሆነማ እዳው ገብስ ነው፤ ያጣነው የአውሮፕላኗን ተማሪዎች ነው።

አሁን ስለ መመለሷ። ጥር 2016 ላይ ብዙ ምስጋና ተሰምቷል። ምስጋና ደግ ነው፤ የጨዋ ልጅ ያመሰግናል። ግን ሒሳቡንም እንወቅ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37፣ ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ የመዝገብ ሰነድና ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ውሉ ከጸና በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ይላል። ውሉ የጸናው በመስከረም 1947 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ ስምንት ወሩ በመጋቢት 1941 ዓ.ም. ሞላ። «ፀሐይ» የመጣችው ከዚያ ሰባ አምስት ዓመት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ፤ በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ በ1997 ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. ቆመ።

«አሮጌ አውሮፕላን ታሪካዊ ዕቃ ነው ወይ?» የሚል ጠበቃ ሊኖር ይችላል። መልሱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ከሮም በስተሰሜን፣ ብራቺያኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው ውስጥ ለዓመታት አስቀምጠዋታል። ታሪካዊ ዋጋ የሌለውን ነገር ማን ሙዚየም ውስጥ ያስቀምጣል? ስለዚህ የተደረገው ስጦታ አይደለም፤ የዘገየ ክፍያ ነው። ክፍያ የተቀበለ ሰው ደረሰኝ ይሰጣል፤ እጅ አይነሣም።

የስሟን ባለቤትም አንርሳ። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ፣ አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመልሳ፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ አረፈች። ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ሆስፒታል ተሠራ፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ ስታሰባስብለት የኖረችው ሆስፒታል። በኋላ ስሙ ተቀይሮ ጦር ኃይሎች ሆነ። ስሟን ከሆስፒታሉ እኛው ራሳችን አነሣነው፤ ጣሊያኖች አውሮፕላኗ ላይ አስቀመጡት። ይህን ስናገር ጥርሴን ነክሼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼን ይዤ ቻንቲሊ ሄድሁ። እዚሁ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ያለውን የስሚዝሶንያን የአውሮፕላን ሙዚየም ማለቴ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትቀበሉ ስንት ጊዜ አጠገቡ አልፋችኋል? መግቢያው በነፃ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል። በነገራችን ላይ ሙዚየሙ የሚጠራው በስቲቨን ኡድቫር ሄዚ ስም ነው፤ በልጅነቱ ከሃንጋሪ ተሰድዶ የመጣ፣ ለማሠሪያው 65 ሚሊዮን ዶላር የሰጠ ሰው። እንደኛው ስደተኛ ነው።

ኮንኮርድ አለ፤ የጠፈር መንኮራኩሯ ዲስከቨሪ አለች። ጋሼ እነርሱን በሩቁ አይተው አለፉና ጀርመኖቹ ጋ ቆሙ። ሆርተን 229 የተባለች፣ ሳትበርር የቀረች ናሙና አለች። ዶርኒዬ 335 አለ፤ በዓለም ላይ ከዓይነቱ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። ሁለቱም በ1945 አሜሪካኖች ማርከው ያመጧቸው ናቸው።

«ይህም ምርኮ ነው እንግዲህ» አልኋቸው፣ ነገር ለማንሣት።

«ነው። ግን አሜሪካኖቹ አውሮፕላኑን ብቻ መቼ አመጡ? ሰዎቹንም አመጧቸው እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። ጃፓንን ያስተማረው ያ ሪቻርድ ፎክት ራሱ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ከመጡት የጀርመን ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ በኋላ ለቦይንግ ሠርቷል። ጣሊያን ከእኛ አውሮፕላኗን ወሰደች፤ ሰዎቹን አልፈለገቻቸውም።

ፎቁ ላይ ስትወጡ የጥገናውን ሃንጋር በመስተዋት ቁልቁል የምታዩበት ቦታ አለ። አሮጌ አውሮፕላን የሚያድሱ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው። ጋሼ እዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሰዓቴን ሳይ አርባ ደቂቃ አልፏል። ለልጆች አይስክሬም እየገዙ የሚያልፉ ቤተሰቦች ይገፉናል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመስተዋቱ አልነቀሉም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ያሉኝን ነው አሁን ለእናንተ የማስተላልፈው። ስለ «ፀሐይ» ዜናው ሲነገር የሰማናቸው ስሞች ሦስት ናቸው፤ የንጉሡ፣ የልዕልቲቱና የጀርመናዊው። ሸራዋን የሰፋው፣ አጽሟን የበየደው፣ መሮውን የያዘው አልተጠራም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በ1927 እና በ28 ዓ.ም. አዲስ አበባ አውሮፕላን ሜዳ ላይ በአናጢነት፣ በብረት ሥራ፣ በስፌት ወይም በመካኒክነት የሠራ ካለ፣ ቤት ውስጥ ከሣጥን ሥር የቆየ ፎቶግራፍ ካለ፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። የድሮ ሰው ከፎቶ ጀርባ ስም ይጽፋል። ያገኛችሁትን ላኩልን፤ በዚሁ ፕሮግራም በስማቸው እየጠራን እናነበዋለን።

ጋሼም የበኩላቸውን ጀምረዋል። በሥራ ዘመናቸው ያስተማሯቸውን መካኒኮች ስም ከነአባታቸው አንድ በአንድ ደብተር ላይ እየጻፉ ነው። ትናንት ማታ ሲደውሉልኝ ሠላሳ አንድ ደርሰው ነበር። አንደኛው ስም ላይ የአባቱ ስም ጠፍቶባቸው «እስኪ አንተ የምታውቀው ካለ» ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም፤ እስከ ሳምንት እንፈልገዋለን።

ሰላም ሁኑ።